ልቅሶ ቤት ተብሎ የታለፈው ቤታችን

ያን ሰሞን ናዝሬት ውስጥ የሰው ሁሉ ዓይን ውሃ ላይ ነበር። በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀመጣል። አንዱ «አሁን ተነቃነቀ!» ሲል ሌላው ዞር ብሎ ብርጭቆውን ያያል። ውሃው ከተንቀሳቀሰ መሬቱ ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ ሰውየው ነው ማለት ነው። ነገር ግን ውሃውም እንደኛው ግራ የገባው ይመስል ነበር። ከባድ መኪና ሲያልፍ ይርገበገባል፣ በር ሲዘጋ ይርገበገባል። አንዳንዴ ደግሞ አልጋው ከነእኛ የተወዛወዘ መስሎን ዘለን ስንነሳ ጸጥ ብሎ እናገኘዋለን። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ቆሞ እያወራ በድንገት ዝም ይልና እግሩን ያዳምጣል። እኔም አዳምጥ ነበር።

እኔ ቁርጥ ያለ ነገር የምወድ ሰው ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ፣ ከፊታችን በሚሄዱት መኪናዎች ጀርባ ላይ የተጻፈውን ሾፌሩን «ይሄ ምን ይላል?» እያልኩ ነው። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ አነበብኩ። የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ሳይቀር። አሁን የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ዕቃ ወይ ይገጥማል ወይ አይገጥምም፤ መሃል ላይ የሚባል የለም። ልጆቼንም ያሳደግኳቸው በዚሁ ነው። ጥያቄ ስጠይቃቸው «አዎ» ወይም «አይደለም» እንዲሉኝ እንጂ «መሰለኝ» የምትል ቃል ቤቴ ውስጥ አላስገባም ነበር። ዛሬም ልጅ በግልጽ መናገርን ካልለመደ ኋላ እሱም ሌላውም ይቸገራል ብዬ አምናለሁ።

ትልቁ መንቀጥቀጥ የመጣው ሴት ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ እናቷ ቤት፣ ማለትም እኛ ቤት፣ በታረሰችበት ሰሞን ነው። ባሏ ቆቃ ዓሣ ይነግዳል። በልማዳችን የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳልና መውለጃዋ ሲቃረብ አምጥቷት ተመለሰ። አመሻሽ ላይ እራት ልንቀርብ ስንል ኮርኒሱ ላይ አይጦች የሚሯሯጡ መሰለኝ። ቀጥሎ ቆርቆሮው ጮኸ፣ ቁምሳጥኑ በገዛ ፈቃዱ ተከፈተ፣ መስኮቱ ተንቋቋ። ባለቤቴ ሕፃኑን፣ እኔ ልጄን ይዘን ወጣን። አቧራው ሲበርድ በእጅ ባትሪ አብርቼ ሳይ፣ የፊት ለፊቱ መኝታ ቤት ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ እስከ ላይኛው የኮንክሪት ማሰሪያ ድረስ በሰያፍ ተሰንጥቋል።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የሚተኛ ጠፋ። ሰው ሁሉ ሸራና አንሶላ ወጥሮ ውጭ ማደር ጀመረ። እኛ ግን አራስ አለችን። የናዝሬትን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አቧራውን ይዞ ሲመጣ አንሶላ አያቆመውም። ስለዚህ ወደ እድራችን ዳኛ ሄድኩ።

«ድንኳኑን ፈልጌ ነበር» አልኩት።

ደንግጦ ተነሳ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ድንኳን ለምኑ?»

«ለአራስ።»

«ለአራስ!» አለና ተመልሶ ተቀመጠ። «ወንድሜ፣ ይሄ እድር ሰው ሲሸኝ እንጂ ሲቀበል አይተነው አናውቅም እኮ።»

ደግ ሰው ነው፣ ሰጠኝ። አግዳሚ ወንበሮቹንም ጨመረልኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፦ ልቅሶ ከመጣ ድንኳኑ ያኔውኑ ይነሳል። ይህ ተገቢ ነው፤ የጋራ ዕቃ ለታሰበለት ሥራ ይውላል። እሺ ብዬ ተቀበልኩ።

ባለቤቴ ግን አልወደደችውም። «ልጄን ከነልጇ የልቅሶ ድንኳን ውስጥ ልታስተኛት ነው?»

«ድንኳን ሸራ ነው። ሸራ ሟርት አያውቅም።»

«አንተ ነህ እንጂ የማታውቀው!»

ግቢያችን ጠባብ ነው። ከቤቱ ጥግ በብረት ማማ ላይ ትልቅ የውሃ ታንከር ቆሟል። ከግድግዳውም ከታንከሩም ለመራቅ ስንል ድንኳኑን ከውጭው በር ፊት ለፊት፣ ግማሹን መንገዱ ላይ ተከልነው። በየትኛውም ልቅሶ ቤት እንደሚተከለው ማለት ነው። አራሷን ጫፍ ላይ በመጋረጃ ከልለን አስተኛናት። ያኔ ከጭንቀታችን ብዛት ከመንገድ ሆኖ ሲያዩት ምን እንደሚመስል ማናችንም አላሰብንም።

ከማግስቱ ጀምሮ አላፊ አግዳሚው ባርኔጣውን ማውለቅ ጀመረ። ዘፈን ከፍቶ የሚመጣ ባጃጅ እኛ ጋ ሲደርስ ይዘጋዋል። አንዳንዱ ይገባል፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ይላል፣ አገጩን በእጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል፤ «እግዜር ያጽናችሁ» ይላል። እኛ «ማንም አልሞተም፣ አራስ ናት» ስንል ያፍራል፣ ይስቃል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። አንዲት አሮጊት ገና ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ገብተው ነገሩ ሲነገራቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው እዚያው እልል አሉ። ባለቤቴ ግን ቀኑን ሙሉ «ማንም አልሞተም» ስትል ድምፅዋ ተዘጋ።

ሰፈሩ የሚጠብቀው ቤት የሚመረምሩትን አርክቴክቶች ነበር። እየዞሩ በየበሩ ቀለም እንደሚቀቡ ሰምተናል፦ አረንጓዴ ግቡ፣ ቢጫ ተጠንቀቁ፣ ቀይ ውጡ። ልጄን ወደ ቤት የማስገባት ያለማስገባት ነገር በዚያ ቀለም ላይ ተንጠልጥሏል። ሕፃኑ ማታ ማታ ሳል ቢጤ ጀምሮታል፤ አቧራው ነው። እኔ በልቤ አረንጓዴን እየጠበቅኩ ሱቄን ከፍቼ ዋልኩ።

እነሱ የመጡት እኔ በሌለሁበት ነው። የሆነውን ማታ ባለቤቴ ነገረችኝ።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አርሲ ነገሌ እህል ይነግዳል። ስልክ አልሠራ ብሎት ሰንብቷል። ለአራሷ የገንፎ ዱቄት በጆንያ ተሸክሞ ሊጠይቀን ሲመጣ፣ ባጃጁ ከመታጠፊያው ላይ ሲዞር በራችን ላይ ድንኳን ያያል። ባጃጁ ሳይቆም ወረደ። ጆንያውን ጥሎ «እህቴን! ዋይ እህቴን!» እያለ መሬት ላይ ወደቀ። ባለቤቴ የውሃ ጆግ ይዛ ከግቢ ስትወጣ አየችው።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

ቀና ብሎ አያት። ለቅሶው ጨመረ። «አንቺ አለሽ? ታዲያ ልጅቷ ናት? ዋይ ልጄን!»

«ልጅቷም አለች!»

«ሕፃኑ ነዋ! ያ ያልጠገበው!»

«ሕፃኑ ጡት ይዞ ተኝቷል! ተነስ!»

«ኧረ ወየው፣ ጋሼ ናቸው! ጋሼን!»

«ጋሼ ሱቅ ናቸው፣ ተነስ አልኩህ!»

የባጃጁ ልጅ አጠገቡ ቆሞ ዓይኑን እየጠረገ ነበር። «ኧረ ፋዘር፣ ማንም ካልሞተ እኔን ምን አስለቀሰኝ?» ብሎ ተቆጣ አሉ።

አንዴ የተነሳ ለቅሶ እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። አማቼ ጆንያው ፈንድቶበት ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ እህቱ እያለች፣ የእህቱ ልጅ እያለች፣ ሕፃኑ እያለ ይንሰቀሰቅ ጀመር። ድንጋጤው ነው። ሴቶቹ ውሃ አጠጡት፣ አባበሉት። መጋረጃው በተገለጠበት በኩል ደግሞ ልጄ ጋቢ ተከናንባ ተጋድማለች።

በዚህ መሃል ነው ሁለት ሰዎች ድንኳኑ አፍ ላይ የቆሙት። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ የለበሱ፣ አንዱ ሸምገል ያለ ወንድ፣ ሌላዋ ወጣት ሴት። የራስ መከላከያቸውን አወለቁ። ገብተው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የሚያለቅሰውን ሰውዬ አዩ፤ የተጋደመችውን ሴት አዩ። ከዚያ ሰውየው ቀስ ብሎ «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ፤ ተነስተው እጅ ነስተው ሄዱ።

«ማን ናችሁ አላልሻቸውም?» አልኳት ባለቤቴን።

«ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ማን ነህ ይባላል እንዴ? ያንተ ደንበኞች መሰሉኝ።»

«ማንም አልሞተም አላልሽም?»

«ወንድሜን ላባብል ወይስ አገሩን ሁሉ ላስረዳ? ደከመኝ! ዝም አልኩ።»

አማቼን ጠየቅሁት። እሱ ጎረቤቶች መስለውታል። ልጄ ደግሞ ከአጎቷ ጋር ከአርሲ ነገሌ የመጡ መስሏት ነበር። እውነትም ልቅሶ ላይ የመጣ ሰው ማንነቱ አይጠየቅም። መምጣቱ ይበቃል። ይህን ልማድ እኔ ራሴ ለልጆቼ አስተምሬዋለሁ።

ወጥቼ መንገዱን አየሁት። የግራ ጎረቤቴ በር ላይ አረንጓዴ፣ የቀኙ ላይ ቢጫ፣ ማዶ ያለው ባለ ፎቅ ላይ ቀይ። ከባለ ፎቁ አጠገብ የሚኖሩት አረጋዊ የባቡር ጡረተኛ በር ላይ አረንጓዴ። የእኛ በር ላይ ምንም የለም። በሬን እጄን አሳልፌ ዳበስኩት፤ የቀለም ሽታ እንኳ የለውም። አልፈውናል። ማንን እንደምቆጣ ግን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የእድሩ ዳኛ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። ፊቱን ሳይ ገባኝ።

«የባቡሩ ሰውዬ ናቸው» አለኝ። «ሌሊቱን ተኝተው አልነቁም። ሰሞኑን ታመው ነበር።»

እኚህ ሽማግሌ መንቀጥቀጡ ሲመጣ አልወጣም ብለው ቤታቸው የቀሩ ብቸኛ ሰው ነበሩ። ውጭ ያደርነው ሁሉ አለን፣ እሳቸው አረንጓዴ በተቀባ ቤት ውስጥ በአልጋቸው ላይ ሞቱ። ይህን ከምን ጋር እንደማያይዘው አላወቅሁም። ዛሬም አላውቅም።

«ቀብሩ ቀትር ላይ ነው» አለ ዳኛው። «ድንኳኑን ከዚያ በፊት እናነሳዋለን። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ።»

«ቃል ቃል ነው» አልኩት።

እሱ እንደሄደ ሁሉም ይናገር ጀመር። ባለቤቴ «ወደ ቤት እናስገባት፣ እግዜር ያውቃል» አለች። አማቼ «አርሲ ነገሌ ይዣት ልሂድ» አለ።

«አራስ በአውቶቡስ?» አለችው እህቱ። «እዚያስ መሬቱ ሌላ መሬት ነው?»

«እዚያ ብርጭቆ የሚያይ ሰው የለም!»

«ስለማታዩት ነዋ!»

ልጄ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ሕፃኑ ደረቷ ላይ ነው፤ ሲተነፍስ ትንሽ ይፏጫል።

«አባዬ» አለችኝ፣ «ቤቱ ደህና ነው ወይስ አይደለም? አዎ ወይም አይደለም በለኝ።»

የገዛ ሕጌን ነው ያመጣችብኝ። እያሾፈች አልነበረም፣ ያሳደግኳት እንዲህ ስለሆነ ነው። ባርኔጣዬን አድርጌ መርማሪዎቹን ፍለጋ ወጣሁ።

በባጃጅ ከተማውን ዞርኩ። ሰደርያ የለበሰ ሰው ባየሁ ቁጥር «አቁም!» እላለሁ፤ አንዱ የመንገድ ጽዳት፣ ሌላው የመብራት ሠራተኛ ሆኖ ይገኛል። በመጨረሻ ከገበያው ጀርባ አንድ ፎቅ ሥር አገኘኋቸው። የሕንፃው ባለቤት ቀዩን ቀለም በጨርቅ እያሻሸ ይጨቃጨቃቸዋል። ሸምገል ያለው ታግሦ ይመልስለታል፤ ወጣቷ ወደ ላይ አንጋጣ ኮለኖቹን ታያለች።

«አንቺ ልጅ» አልኳት፣ «ትላንት ባቡር ጣቢያው ሰፈር አንድ ድንኳን ውስጥ ገብታችሁ ነበር?»

ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። «አዎ አባባ። እግዚአብሔር ያጽናዎት። እርስዎን አላገኘንዎትም ነበር።»

«ማን ሞቶብኝ ነው የምታጸኚኝ?»

ወደ ባልደረባዋ ዞረች። ሰውየው «ድንኳን ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለኝ።

«ድንኳን ካለ ግድግዳ አይታይም?»

«ልቅሶ ቤት ሜትር ይዘን እንዴት እንግባ? ሌላ ቀን እንመለሳለን ብለን ነው። ደግሞ ያ ሰውዬ እንደዚያ እያለቀሰ...»

«እሱ የሚስቴ ወንድም ነው። ያለቀሰው በስህተት ነው።»

«በስህተት?» አለች ልጅቷ። አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። «ያቺ የተኛችውስ?»

«እሷ አራስ ናት!»

ሳቁ አመለጣት፣ ወዲያው አፈረች። እኔም ልቆጣ የመጣሁት ሰውዬ ቁጣዬን የማሳርፍበት አጣሁ። ሰው ሥራውን በይሉኝታ መተው የለበትም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እውነተኛ ልቅሶ ቢሆን ኖሮ፣ ሜትር ዘርግተው ቢገቡብኝ ከግቢዬ በዱላ አባርራቸው ነበር። ሁለቱም ልክ ነው። ሁለት ልክ ነገሮች ተገናኝተው የልጅ ልጄን አቧራ ላይ ጥለውታል። ድንኳኑ ቀትር ላይ እንደሚነሳ ነገርኳቸው። ሸምገል ያለው ሰዓቱን አየ፤ «ጋሼ፣ እንሂድ» አለ። የሕንፃው ባለቤት ከኋላችን እየጮኸ ቀረ።

ቤቱን ሲመረምሩ እግር በእግር ተከተልኳቸው። ግድግዳውን በጣታቸው ቋ ቋ ያደርጋሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። በር ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ያየውን ሌላው ዳግም ያያል። ሳሎኑ ውስጥ ብሎኬቱና ኮለኑ በተገናኙበት ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነበር፤ ለእሱ ብዙም አልተጨነቁም። «ብሎኬቱ ነው ከኮለኑ የተላቀቀው፤ ቤቱን የያዘው ኮለኑ ነው» አለኝ ሰውየው። መኝታ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ግን ሁለቱም ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

«ይሄ ሰያፉ ስንጥቅ» አለች ልጅቷ፣ «ከመንቀጥቀጡ በፊት ነበር?»

ይህን ግድግዳ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ነበር? አልነበረም? ዓይኔን ጨፍኜ የድሮውን ግድግዳ ለማምጣት ሞከርኩ፤ የሚመጣልኝ አሁን ያለው፣ የተሰነጠቀው ነው።

«ነበር» አለች ባለቤቴ ከበሩ ላይ።

«አልነበረም!» አለ አማቼ። «ለሠርጉ ስመጣ እዚህ ክፍል ነው ያደርኩት።»

«አንተ ያን ቀን ምን ማየት ትችል ነበር? ተሸክመው አይደል ያስተኙህ!»

«ቢሆንም ግድግዳ ይታየኛል!»

«የሠርጉ ፎቶ!» አለች ልጄ ከውጭ። እውነቷን ነው፤ ሙሽራዋ ስትወጣ እዚያው ግድግዳ ሥር ተነስተናል። ባለቤቴ አልበሙን አመጣች። ሁላችንም ተጎንብሰን አየነው። እኔ በሱፍ ልብስ ተኮሳትሬ ቆሜያለሁ፣ ልጄ በነጭ፣ እናቷ በሐበሻ ቀሚስ። ከኋላችን ያለው ግድግዳ በሙሉ በዲኮር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ነጭና ወርቃማ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ።

«በጣም ያምራል» አለች ልጅቷ። ምን ትበል?

ከዚያ የስልኳን መብራት አብርታ ወንበር ላይ ወጣች። ስንጥቁን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እያበራች ለረጅም ጊዜ አየችው። ባልደረባዋንም ጠራችው። እኔም ልይ ብዬ ወጣሁ።

«አባባ፣ እዚህ ከታች በኩል ስንጥቁ ውስጥ ቀለም ገብቷል፣ ያዩታል? ቤቱን ስታስቀቡ ነበረ ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ ግን ውስጡ ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው። ይሄኛው አሁን የመጣ ነው።»

«ታዲያ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ግማሹ ነበር፣ ግማሹ አልነበረም።»

ባለቤቴና አማቼ እኩል «አላልኩም!» አሉ።

ሁለቱ ባለሙያዎች ወደ ጥግ ሄደው ተነጋገሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፣ ግን እሰማለሁ። እሱ ቢጫ ይበቃል ይላል። እሷ ደግሞ ማማው ላይ ያለው ታንከር ልክ ከዚህ ክፍል አናት ነው፤ በሌላ መንቀጥቀጥ ከነውሃው ወደዚህ ቢወድቅስ ትላለች። ለካ ለዓመታት ውሃ ሲጠፋ የምኮራበት ታንከር ነው ዋናው ጠላት። በመጨረሻ ወደ ጓሮ ሄዱ። ጓሮ እኔ የማነብባት፣ መጻሕፍቴና አሮጌ ዕቃዎቼ የተከመሩባት ትንሽ ክፍል አለች። ዝቅ ያለች፣ ቀላል ቆርቆሮ የለበሰች፣ በሯ በቀጥታ ወደ ባዶው ግቢ የሚከፈት፣ ከታንከሩ የራቀች። ግድግዳዋን ዞሩት። ምንም የለባትም።

«እዚች» አለች ልጅቷ። «መደርደሪያዎቹ ይውጡ፣ መጻሕፍቱ ሰው ላይ እንዳይወድቁ። ታንከሩ ዛሬውኑ ይራገፍ፣ ቀጥሎ ይወርዳል። የፊቱን መኝታ ቤት ዝጉት።»

«ስለዚህ ልጄ እዚህ ብትተኛ ምንም አትሆንም። አዎ?»

«አባባ፣ ዛሬ ያየሁትን ነው የምነግርዎት። መሬቱ ነገ የሚያደርገውን አላውቅም።»

«ታዲያ ምንድነው የተማርሽው?»

«ይሄንኑ» አለችኝ።

ድፍረት መሰለኝ፤ ፊቷን ሳየው ግን ድፍረት አልነበረም። ድካም ነበር። ስንት በር ላይ ይህንኑ ጥያቄ እንደተጠየቀች አሰብኩ።

«ያንቺ ሰው ቢሆን?» አልኳት።

ወደ ክፍሏ ዞራ አየች። «እናቴ ብትሆን እዚች ክፍል አስተኛታለሁ። በሩን ግን አላስቆልፋትም።»

ሲወጡ በራችን ላይ ቢጫ ቀቡ። አረንጓዴም ቀይም ያልሆነ። ሸምገል ያለው ድንኳኑን እያየ ፈገግ አለና «እንኳን ማርያም ማረቻት» ብሎ ለባለቤቴ ነገራት። በዚህች ምርቃት የትላንቱን «ነፍስ ይማር» የመለሰው ይመስለኛል።

የእድሩ ሰዎች ሲመጡ መጻሕፍቴን ገና እያወጣሁ ነበር። አማቼ መደርደሪያውን ብቻውን ተሸከመው፤ ጉልበቱ ለካ ለለቅሶ ብቻ አይደለም። ታንከሩን ስንከፍተው ውሃው በራችን በኩል ወደ መንገድ ፈሰሰ። ሰፈሩ ጀሪካኑን ይዞ ወጣ፤ ማንም ይፍሰስ ብሎ አልተወውም። ልጄን ጋቢ አልብሰን፣ እኔ ጥላ ይዤላት፣ እናቷ ሕፃኑን ደብቃ፣ በዚያ ጭቃ ላይ ቀስ እያልን ወደ ጓሮ ወሰድናት። ከኋላችን የድንኳኑ ምሰሶ ሲነቀል ሰማሁ።

ከቀብር መልስ ያው ድንኳን ሽማግሌው በር ላይ ተተክሎ ገብተን ተቀመጥን። አግዳሚው ላይ የትላንቱ ዱቄት እንዳለ ነው፤ የተነሳ ሰው ሁሉ ሱሪው ነጭ ሆኖ ይወጣል። አማቼ አጠገቤ ተቀምጦ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ እንባዬ እምቢ አለ። ትላንት ጨረስኩት።» አፍሮ ነበር። «ይታረቅሃል» አልኩት።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለው አምፖል ተወዛወዘ። የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ሆነ። ወሬው ተቋረጠ። ነፋስ ነው? መሬቱ ነው? ልቅሶ ቤት ውስጥ ዘሎ መነሳት ነውር ነውና ሁሉም እግሩን እያዳመጠ ተቀምጧል። አንዱ በሹክሹክታ «ነፋስ ነው» አለ፣ ሌላው «አይደለም» አለ። እኔ ግን ነውሩንም ይዤ ተነሳሁ።

መንገዱን እንዴት እንዳቋረጥኩ አላስታውስም። በቢጫው በሬ ገባሁ፣ በታንከሩ ሥር አለፍኩ፣ ጓሮ ደረስኩ። የክፍሏ በር ክፍት ነው። ልጄ አልጋው ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ይዛለች። መጻሕፍቴ ከነበሩበት ጥግ ኩርሲ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀምጧል። ልየው ብዬ ጎንበስ አልኩ። ያንቀሳቀስኩት እኔ ልሁን፣ የገባሁበት እግሬ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ ውሃው ጥቂት ይንቀጠቀጣል።

«አባዬ፣ አሁን ተንቀጠቀጠ እንዴ?» አለችኝ።

ትጠብቀኛለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሰጠኋት መልስ ሁለት ብቻ ነበር።

«አላውቅም ልጄ» አልኳት። «በሩን እንዲሁ ክፍት አድርጊው። እኔም እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሕፃኑ አንዴ ሳል አለና ተኛ።